በጉልበት መሀል የተያዘችው ፍየል

አንድ ጊዜ፣ ጭንቅ በር በሚባል ገደላማ አገር አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ስሟን አህይት እንበላት። ሌላ ስም ነበራት የሚል ቢመጣ አትመኑት፤ ለመሆኑ ለአህያ ስም ማን ያወጣል?

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁና ከተጠያቂነት ልውጣ። ይህ ተረት ግራ የገባው ተረት ነው። በውስጡ ያሉት እንስሳት ሁሉ፣ ከአንበሳው እስከ እባቡ፣ ግራ ገብቷቸው ጀምረው ግራ እንደገባቸው ነው የጨረሱት። እኔም ብሆን ግማሹ አልገባኝም። ስለዚህ «ይሄ እንዴት ይሆናል?» እያላችሁ እንዳታቋርጡኝ። ዝም ብላችሁ ስሙ።

በዚያ አገር በበጋ የማይደርቅ ምንጭ አንድ ብቻ ነበር። ወደ ምንጩ የሚያስገባውም መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሁለት ትላልቅ ቋጥኞች መሀል የሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ። አገሩ ስሙን ያገኘው ከዚሁ በር ነው። አንዴ ከገቡበት መዞር የለም። የአህያ መሣሪያዋ ደግሞ የኋላ እግሯ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጠላት ከኋላዋ ከመጣ ጥርሱን ለቅሞ ይሄዳል። ከፊቷ ሲመጣባትስ? መዞሪያ በሌለበት ምን ትሁን?

አያ ጅቦ ይህን ያውቃል። ሌላ ብዙ ነገር አያውቅም፤ ይህን ግን ያውቃል። ባለፈው በጋ በጭንቅ በር ከፊት ለፊት ገብቶ የአህይትን የበኩር ልጅ ወሰደባት። ልጇ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበረች። ሁሉንም አየች፤ መድረስ ግን አልቻለችም። ዘንድሮ ሌላ ውርንጭላ ወልዳለች። ለጊዜው በየሜዳው የክረምቱ ውኃ ተኝቶ ስላለ ችግር የለም። ኩሬው ሲደርቅ ግን እናትና ልጅ በዚያ በር ማለፋቸው አይቀርም። አህይት ይህን ባሰበች ቁጥር ሣሩ አልዋጥ ይላት ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ በአደይ ሲሆን፣ ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከቻይና አገር አንድ ሽመላ በርረው መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ነጭ፣ አንገተ ረጅም ናቸው። አንድ እግራቸውን ሰብስበው በአንዱ ብቻ ቆመው ይውላሉ። አገሬው «አይ ምስኪን! አንድ እግራቸውን ምን ነክቶባቸው ይሆን?» እያለ ሲያዝንላቸው፣ አንድ ቀን ትልቅ እባብ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ተወረወረባቸው። ሽመላው አልበረሩም። ወደ ኋላም አላሉ። እባቡ አፍንጫቸው ሥር ሲደርስ ክንፋቸውን ጠጋ አደረጉለት፤ ትንሽ ዘወር አሉ፤ እባቡ በአጠገባቸው አልፎ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ተነሥቶ ድጋሚ ሞከረ፤ ድጋሚ ድንጋዩን አገኘው። በመጨረሻ እባቡ ራሱን እያዞረው «ይቅርታ ጌታዬ፣ በሌላ አመሳስዬዎት ነው» ብሎ ሄደ።

አህይት ይህን አየች። ውርንጭላዋን አስከትላ እየሮጠች መጣች።

«አባቴ፣ ያ ያደረጉት ነገር ምንድን ነው?»

«በአገሬ ዊንግ ቹን ይሉታል» አሉ ሽመላው። «የቅርብ ትግል ነው። ጠላት አፍንጫ ሥር ሲደርስ፣ መሸሻም መዞሪያም ሲጠፋ የሚታገሉት ትግል።»

መሸሻም መዞሪያም! አህይት ጠጋ አለቻቸው። «በሞቴ ያስተምሩኝ የኔታ! ልጄን ላሳልፍበት።»

«አስተምራለሁ። ለመጣ ሁሉ አስተምራለሁ።»

«ለጅብም?»

«ለመጣ ሁሉ አልኩሽ።»

አህይት ግራ ገባት። እዚህ ላይ ግራ መግባት ጀመረች፤ እስከ መጨረሻም አልለቀቃትም።

ወሬው አገር አዳረሰ። ንጉሡ አንበሳም ሰምቶ መጣና አዋጅ አስነገረ። «የኔታ ሽመላ አገራችን እስካሉ ድረስ ማንም የማንንም ደም እንዳያፈስ! ያፈሰሰ ራሱን እንደሞተ ይቁጠር!» ይህን ያለው ለሰላም አስቦ እንዳይመስላችሁ። ከሰዓት በኋላ መተኛት ይወዳል፤ ጩኸት ደግሞ አይወድም።

በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ሜዳው ሞላ። አንበሳው አለ፣ ከርከሮው አለ፣ ፍየል ሳትቀር መጥታለች። ሁሉም «አሁን መዝለል ሊያስተምሩን ነው፣ አሁን መንከስ ሊያስተምሩን ነው» እያለ ይቁነጠነጣል።

የኔታ ሽመላ መሀል ሜዳ ወጡና «ቁሙ» አሉ።

ሁሉም ቆመ።

«እንዲህ አይደለም። የኋላ ጉልበታችሁን ወደ ውስጥ ሰብስቡ። በጉልበታችሁ መሀል አንዲት ፍየል የያዛችሁ ያህል፣ እንዳታመልጣችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ቁሙ።»

ፍየሏ ጆሮዋ ቆመ። «ለካስ ለዚህ ኖሯል የጠራችሁኝ!» አለችና ገደሉን ይዛ ሽቅብ! እንግዲህ ያቺ ፍየል እስከ ዛሬ ከገደል አልወረደችም። ነገሩ ማስመሰል ነው፣ አንቺን አይደለም ቢሏትም የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም።

የሰማ ሌላ ጆሮ ግን ነበር። አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ኋላ ተጋድሞ «ፍየል» የምትለውን ቃል ብቻ ለይቶ ሰማት። ከፊቷና ከኋላዋ ያለው ቃል አልደረሰውም። ተነሣና እያነከሰ ወደ ሜዳው መጣ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ሲባል አልሰማችሁም?

«የኔታ፣ እንደምን ዋሉ። እኔም ትምህርት ፈልጌ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ፍየሏን የምንረከበው ከየት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ፍየል የለችም። እንደያዝህ ሆነህ ቁም ነው ያልኩት።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ አያ ጅቦ። አልገባውም። ‘መጀመሪያ መያዝ ነው፤ ፍየሏ ኋላ ትሰጣለች’ ማለታቸው መሰለው። ጉልበቱን ሰብስቦ ቆመና በእግሮቹ መሀል አጎንብሶ ያይ ጀመር።

በማግስቱም መቆም ነው። በሦስተኛውም ቀን መቆም። አንበሳው ተቆጣ። «የኔታ፣ ትግል ነው የሚያስተምሩን ወይስ እየቀጡን ነው? እኔ ለመቆም አልተፈጠርኩም!» አለና ዛፍ ሥር ተኛ። ከርከሮው ደግሞ ሜዳው ዳር ወደ ነበረ ደረቅ የወይራ ግንድ ተወሰደ። ከግንዱ ቁርጥ ቁርጥ ያሉ ቅርንጫፎች ወጥተውበታል። የኔታ «ይህ ባላጋራህ ነው። ቀስ ብለህ ንካው፣ ተደገፈው፣ መሀሉን ፈልግ» አሉት። ከርከሮው ግንዱን ዞሮ ዞሮ አየው። «የኔታ፣ ይህ ግንድ ምን አደረገኝ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ሥራ ሥሩን ቆፍሮ በልቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁሉም ተበተኑ። በመጨረሻ ሜዳው ላይ የቀሩት ሁለት ብቻ ሆኑ። አህይት ለልጇ ስትል ቀረች። አያ ጅቦ ፍየሏን እየጠበቀ ቀረ።

የኔታ ሽመላ ሁለቱን ፊት ለፊት አቆሟቸው። «ከእንግዲህ የምትለማመዱት እርስ በርሳችሁ ነው። የፊት እግራችሁን አንሡና አገናኙ። ሳትገፉ፣ ሳትላቀቁ፣ እንደተነካካችሁ ወዲያ ወዲህ በሉ።»

አህይት የአያ ጅቦን እግር አየች። ያንን እግር ታውቀዋለች። ባለፈው በጋ የልጇን አንገት ሲይዝ አይታዋለች።

«የኔታ» አለች፣ «ይህ እኮ ልጄን የበላ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ልንካው?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልትለማመጂ ኖሯል? ከበግ ጋር ተምረሽ ጅብን ልትገጥሚ?»

አህይት ዓይኗን ጨፍና እግሯን አነሣች። የአያ ጅቦ እግር እግሯን ሲነካት ጠላችው፤ ከልቧ ጠላችው። በንዴት ባላት ጉልበት ሁሉ ገፋችው። እሱ ወደ ጎን ሲል እሷ በአፍንጫዋ ተደፋች። ተነሥታ ገፋችው፤ ተደፋች። አያ ጅቦ አንዴም አላያትም፤ ዓይኑ በራሱ ጉልበቶች መሀል ነው።

«ስትገፊው እሱ አንቺን ያውቅሻል» አሉ የኔታ። «ዝም ብለሽ ስትነኪው አንቺ እሱን ታውቂዋለሽ። የመጣውን ተቀበይው፤ የሚሄደውን ሸኚው፤ መንገዱ ሲከፈት ቀጥ ብለሽ ግቢ።»

«ጅብን እንደ እንግዳ ተቀብዬ ልሸኘው?» አለች አህይት።

«እንደዚያ።»

«ቁርበትም ላንጥፍለት እንጂ!» አለች በምሬት።

የኔታ አንድ እግራቸውን ሰብስበው ቆሙ።

እመት ቀበሮ ይህን ሁሉ ከአንበሳው ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድማ ታያለች። መማር አልፈለገችም፤ «የተማረ ይታገልልኝ» ባይ ናት። አንድ ቀን አያ ጅቦ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ እሷ መጣ።

«እመት ቀበሮ፣ ጉልበቴ አለቀ እኮ! ያቺ ፍየል የማትመጣው ለምንድን ነው? እኔስ ትቼው ልሂድ መሰለኝ።»

ቀበሮ ደነገጠች። አያ ጅቦ ከሄደ ሐሳቧ ሁሉ ሊበላሽባት ነው። ሐሳቧም ይህ ነበር፦ ሽመላው ወደ አገራቸው ሲመለሱ አዋጁ ይነሣል፤ ኩሬውም ይደርቃል፤ አህይት ልጇን ይዛ በጭንቅ በር ትመጣለች። ያኔ አያ ጅቦ እናቲቱን ይጥላል፤ ቀበሮ ውርንጭላውን ትወስዳለች። ለዚህም አያ ጅቦ ከአህይት ጋር ተለማምዶ ሁኔታዋን ሁሉ ማጥናት አለበት ብላ አስባለች።

«እንዴ አያ ጅቦ! አልነገሩህም?» አለች ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። «ፍየሏ እኮ የምትመጣው ጉልበቱ ለጸና ብቻ ነው። ደግሞ ፍየል መስላ አትመጣም። ባላሰብኸው ሰዓት፣ የሌላ እንስሳ መልክ ይዛ፣ ከጉልበትህ መሀል ትገኛለች። ‹እኔ ፍየል አይደለሁም› ብላ ትምላለች፣ ትገዘታለች፣ ታለቅሳለች። እንዳትለቃት!»

አያ ጅቦ ግንባሩን አኮማተረ። «እሺ፣ ግን በእውነት ፍየል ባትሆንስ?»

«አየህ ሞኝነትህን! ፍየል ካልሆነች ‹ፍየል አይደለሁም› ብላ ምን ያስምላታል? በል እስቲ፣ በሬ እንዲህ ብሎ ሲምል ሰምተህ ታውቃለህ?»

አያ ጅቦ አሰበ፣ አሰበ። በሬ እንዲህ ብሎ ሲምል ሰምቶ አያውቅም። «እውነትሽን ነው» አለና ወደ ሜዳው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበቱን እንደ ወጥመድ ያጠብቅ ጀመር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ይህ ደግሞ ያልያዘውን ነው አልለቅም ያለው።

ቀበሮ በዚህ አልበቃትም። ጥቂት ሰንብታ ‘አያ ጅቦ በቂ አጥንቷል፤ አህይት ግን ከዚህ በላይ እንዳትማር’ ብላ ወደ አህይትም ሄደች።

«እህቴ፣ እንደ ወዳጅ ልንገርሽ ብዬ ነው» አለች አዝና። «ከልጅሽ ገዳይ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘሽ ስትወዛወዢ አገር ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ታርቀው ነው› እያለ ነው። እኚያ ሽማግሌ ይቀልዱብሻል። መቆምና መነካካት መቼ ነው ትግል የሆነው? ይልቅ ቤትሽ ሄደሽ ርግጫሽን ተለማመጂ።»

ይህ ንግግር አህይትን እንደ እሾህ ወጋት። ያን ቀን ውርንጭላዋ አጠገብ ተኝታ አለቀሰች። ቀበሮ የተናገረችው ሁሉ ልክ መሰላት። መቆም ትግል ነው እንዴ? ጅብን መቀበልና መሸኘት ምን ማለት ነው? በሟች ልጇስ ላይ እየቀለደች ይሆን? ምንም አልገባትም። ነገር ግን ርግጫ በጭንቅ በር እንደማይሠራ በዓይኗ አይታለች። ሌላ የምትሄድበት ትምህርት ቤት የለም። ሲነጋ ወደ ሜዳው ተመለሰች። ገብቷት እንዳይመስላችሁ የተመለሰችው፤ ሌላ ስለሌላት ነው።

መግፋቱን ግን ተወች። ደክሟት ይሁን ተስፋ ቆርጣ እኔ አላውቅም። እግሯን በአያ ጅቦ እግር ላይ አሳርፋ እሱ ወዳለበት ትል ጀመር። ሲመጣ መጣች፤ ሲሄድ ሄደች። እንዲህ ሲሉ ወራት አለፉ። ከመዝለሉ በፊት ግራ ትከሻው ዝቅ እንደሚል እግሯ አወቀው። እግሯ ማወቁን ግን እሷ አላወቀችም። ይህች ናት እንግዲህ እኔንም ግራ የምታጋባኝ።

ሙቀቱ በረታ፤ ሜዳው ተሰነጣጠቀ፤ የኩሬው ውኃ ወደ ጭቃ፣ ጭቃውም ወደ አፈር ተለወጠ። አንድ ጠዋት የኔታ ሽመላ ክንፋቸውን ዘረጉ።

አህይት ክው አለች። «የኔታ! ትግሉን ሳያስተምሩኝ ወዴት ነው?»

«አስተምሬሻለሁ።»

«ምኑን? እስካሁን እኮ አንዲት ቡጢ እንኳ አላሳዩኝም!»

«መሀልሽን ጠብቂ። ደህና ሁኚ ልጄ» አሉና ተነሡ። ወደ ምሥራቅ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው ጠፉ።

«አታላይ ሽማግሌ!» ብላ ጮኸች አህይት ወደ ሰማይ። «እርስዎ ክንፍ አለዎት! መሀሌን ብጠብቅ ልጄን ማን ይጠብቅልኛል?» ደጋግማ ጮኸች። የሰማት ቢኖር አንበሳው ነው፤ እሱም «አዋጁ ተነሥቷል፤ ጩኸቱ ግን ይብቃን» ብሎ ተገላበጠ።

ሁለት ቀን በጥም ቆዩ። በሦስተኛው ቀን የውርንጭላው ምላስ ደርቆ መቆም አቃተው። አህይት ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ልጇን ከኋላዋ አድርጋ ወደ ጭንቅ በር ገባች። «ከጭራዬ እንዳትለይ» አለችው። «ምንም ብትሰማ እንዳትለይ።»

መሀል መንገድ ሲደርሱ፣ በዚያኛው ጫፍ የአያ ጅቦ ጥላ መውጫውን ዘጋው። ከእሱ ኋላ፣ መንገዱ ወደ ምንጩ ቁልቁል በሚወርድበት አፋፍ ላይ፣ እመት ቀበሮ ድርሻዋን ልትቀበል አፏን እየላሰች ቁጭ ብላለች።

«እንደምን ዋልሽ አህይት!» አለ አያ ጅቦ። «ዛሬ ሽማግሌው የሉም።»

አህይት ወደ ኋላ ማለት አልቻለችም፤ ልጇ አለ። መዞር አልቻለችም፤ ቋጥኙ አለ። ባለፈው በጋ ያየችው ሁሉ ዓይኗ ላይ መጣ። ፈራች፤ እጅግ ፈራች። ምን ማድረግ እንዳለባት ምንም የምታውቀው አልነበረም። እግሯ ግን እንደ ልማዱ ከፍ አለ።

አያ ጅቦ ተወረወረ። እግሩ እግሯን ነካት። ግራ ትከሻው ዝቅ ሲል እግሯ ሰማው፤ እሷ ሳታስብ ትከሻዋ ወደ ቋጥኙ ጠጋ አለ። የአያ ጅቦ መንጋጋ በጆሮዋ አጠገብ አልፎ ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ። ጥርሱ ቋ! አለ።

ወዲያው ተመለሰባት። እግሮቻቸው ግን እንደተገናኙ ነበሩ፤ አህይት አልለቀቀችውም። አያ ጅቦም ያችን የለመዳትን እግር በእግሩ ላይ ሲያገኛት ሰውነቱ ሌላ ነገር አስታወሰ። ወራት ሙሉ እንዳደረገው የኋላ ጉልበቶቹ ሰብሰብ አሉ። ቂጡ ዝቅ አለ። በጦርነቱ መሀል አንገቱን ደፋና ‘መጣች ይሆን?’ ብሎ በጉልበቶቹ መሀል አየ።

ደረቱ ባዶውን ቀረ። መንገዱ ተከፈተ። አህይት ቀጥ ብላ ገባች። ከተጠጋችበት ሳትርቅ፣ ሳትንደረደር፣ በፊት ሰኮናዋ ከደረቱ መሀል አንዲት አጭር ምት አሳረፈችበት።

አያ ጅቦ «እህ!» አለና በቂጡ ወደ ኋላ ሄደ። ከበሩ ወጣ፤ አፋፉን ለቀቀ፤ ቁልቁል ተንከባለለ፤ አፏን ስትልስ የነበረችውን እመት ቀበሮን ይዟት ወረደ። ከታች ሲያርፍ ጉልበቶቹ ግጥም ብለው ተዘግተው ነበር። በመሀላቸውም ጭንቅላቱ በአንድ በኩል፣ ጅራቱ በሌላ በኩል የወጣ አንድ ነገር ነበረ።

አያ ጅቦ አጎንብሶ አየ። ዓይኑን ማመን አቃተው።

«መጣች!» አለ።

«አያ ጅቦ፣ ልቀቀኝ! እኔ ነኝ፣ ቀበሮ ነኝ!»

«የሌላ እንስሳ መልክ ይዛ» አለ አያ ጅቦ ለራሱ።

«ኧረ በፈጠረህ! እኔ ፍየል አይደለሁም!»

«ይኸው ማለች።»

«በእናቴ ሞት፣ በአባቴ አጥንት፣ ፍየል አይደለሁም!»

«ይኸው ተገዘተች» አለ አያ ጅቦ፣ ደስታው ወሰን አጥቶ። ጉልበቱንም ይበልጥ አጠበቀ። ቀበሮ ማልቀስ ጀመረች። ያስተማረችው አንድም ሳይጓደል ተፈጸመ።

አህይት ልጇን አስከትላ በአጠገባቸው ስታልፍ አያ ጅቦ ቀና አለ። የቂም ምልክት እንኳ ፊቱ ላይ የለም። «አህይት! አየሽ? የኔታ እውነታቸውን ኖሯል! አንቺ ቶሎ ቶሎ ተስፋ እየቆረጥሽ ነው እንጂ ላንቺም ትመጣልሽ ነበር። እለፊ፣ እለፊ፤ እኔ ዛሬ አልመቸኝም።»

ከዚያ በኋላ ቀበሮ ምን እንደሆነች ነገሩ የተምታታ ነው። በላት የሚሉ አሉ። ግማሽ ጅራቷን ትታለት አመለጠች የሚሉም አሉ። አያ ጅቦ ግን ጉልበቱ ዳግመኛ ተስተካክሎ አልቆመለትም። የጅብ ኋላው ዝቅ ብሎ የቀረው ለዚህ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ የለሁበትም።

አህይትና ውርንጭላው ምንጩ ጋ ደረሱ። ውርንጭላው ጠጣ፣ ጠጣ፣ ሆዱ እስኪወጠር ጠጣ። አህይት ሳትጠጣ ቆማ አየችው። ከዚያ የበኩር ልጇ ትዝ አላትና እንባዋ ውኃው ላይ ወረደ።

«እናቴ፣ ምን አድርገሽው ነው?» አላት ውርንጭላው አፉን ከውኃው ሲያነሣ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች። ቆይታ ደግሞ «እንግዳ መጣ፤ ተቀበልኩት፤ ሸኘሁት» አለችና አንገቷን ደፍታ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ግራ ገብቶት የታገሠ አንድ ቀን ሳያስበው እንደሚገባው፣ ሌላውን ሆን ብሎ ግራ የሚያጋባ ግን ባጋባበት ነገር ራሱ እንደሚያዝ ነው።